ከ«አይሆንም» የሚጀምር ምርምር

(አዲስ አበባ ላይ ለአነስተኛና መካከለኛ አምራቾች ስብሰባ የተደረገ ንግግር፤ ከድምፅ ተገልብጦ በጥቂቱ ብቻ የተስተካከለ)

የተከበራችሁ አምራቾች፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ከአዳማም ከሐዋሳም ከባሕር ዳርም የመጣችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ? ከኋላ ይሰማል? ጥሩ። ወንበር ያጣችሁ ወደፊት ኑ፣ እዚህ ቦታ አለ። አትፍሩ፣ ኑ።

የተሰጠኝ ርዕስ ረጅም ነው። «በማደግ ላይ ባሉ አገሮች ያሉ ድርጅቶች ምርምርና ልማትን እንዴት ወደ ትርፍ ይለውጣሉ» ይላል። ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ምጣድ ሠርቻለሁ። ዛሬም የማወራው እንደ ምጣድ ሠሪ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ባለፈው ዓመት የሸጠው ዕቃ የተመለሰበት ማነው? እጅ አውጡ። አመሰግናለሁ። ብዙ ነን። አሁን ደግሞ፣ ዕቃው ለምን እንደተመለሰ በደብተር የጻፈስ ማነው? ሦስት... አራት እጅ አያለሁ።

እነዚህ አራት ሰዎች የምርምር ክፍል አላቸው። ስም አላወጡለትም እንጂ አላቸው። እውነቴን ነው።

ምርምር ሲባል ነጭ ጋውን፣ ማይክሮስኮፕ፣ ትልቅ በጀት ነው የሚታየን። «እኛ ምን አቅም አለንና» እንላለን። እኔ ግን ያነበብኩትንም በራሴ የደረሰብኝንም ሳየው፣ ትርፍ ያመጣ ምርምር የተነሳው ከገዢው አፍ ነው። ገዢው «አይሆንም» ካለበት ቦታ ነው የተነሳው። «ይህ ለእኔ አይሆንም።» «በዚህ ዋጋ አይሆንም።» ያንን ቃል ሰምቶ ወደ ቤተ ሙከራ የገባ ድርጅት አተረፈ። ቃሉን ሳይሰማ የገባ ሽልማት ይዞ ወጣ።

በሦስት ነጥብ እከፍለዋለሁ። አንደኛ፣ «አይሆንም»ን መስማት። ሁለተኛ፣ በገዢው አቅም መሥራትን መማር። ሦስተኛ፣ እስኪያፈራ መቆየት። ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ።

አንደኛው ነጥብ። ከጓዳችን ልጀምር፣ ከጤፍ።

ጤፍን ማዳቀል ለረጅም ጊዜ አልተቻለም ነበር። አበባው በጣም ደቃቅ ነው፤ ራሱን በራሱ ነው የሚያዳቅለው። ተመራማሪዎቹ አበባው የሚከፈትበትን ሰዓት እንኳን አያውቁም ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ ዶክተር ታረቀ በርሄ ምስጢሩን አገኙት። አበባው የሚከፈተው በማለዳ ነው፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ45 እስከ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ። ከዚያ ይዘጋል። እስቲ አስቡት፤ ስንት ሺህ ዓመት ያረስነው እህል፣ ምስጢሩ አንድ ሰዓት የማትሞላ ማለዳ ላይ ነበረች።

ልብ በሉ። ይህ ትልቅ ግኝት ነው። ግን በግኝቱ ብቻ የገበሬው ኪስ አልሞላም። ደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ሁለት የታወቁ ዝርያዎች ነበሩት። አንዱ ዱከም የሚባለው ነው። ምርቱ ጥሩ ነው፤ ቀለሙ ግን እንደሌላው አይነጣም። ሌላው ማኛ ነው። ነጭ ነው፣ ገበያ ላይ ይወደዳል፤ ምርቱ ግን ያንሳል። ገበሬው ዱከምን ሲያይ ምን አለ? ኩንታሉ በዝቶ ዋጋው ከወረደ ምን ያደርግልኛል አለ። አይሆንም አለ።

ተመራማሪዎቹ «ገበሬው አልገባውም» ብለው ቢሄዱ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አልሄዱም። ሁለቱን አዳቀሉ። የአንዱን ምርት፣ የሌላውን ንጣት ፈለጉ። በ2006 የወጣው ቁንጮ የዚህ ልጅ ነው። ቁንጮ በየአካባቢው እንዴት እንደተስፋፋ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ከገጠር የመጣችሁማ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ሳይንሱ አለ፣ ማለዳው አለ፣ ማዳቀሉ አለ። ገንዘብ የሆነው ግን የገበሬው «አይሆንም» ሲመለስ ነው።

ሁለተኛ ምሳሌ ኪሳችሁ ውስጥ አለ። ቴክኖ የያዘ ሰው አለ? ኢቴልስ? ኢንፊኒክስስ? ሦስቱም የአንድ ድርጅት ናቸው፤ ትራንሽን ይባላል። በ2006 የተመሠረተ የቻይና ድርጅት ነው። የሚገርመው፣ ቻይና ውስጥ ለተራው ሰው እምብዛም አይታወቅም። ገበያው አፍሪካ ነው። በ2011 እዚሁ አገራችን መገጣጠሚያ ከፍቷል።

ይህ ድርጅት ስልክን አልፈለሰፈም። ካሜራንም አልፈለሰፈም። ታዲያ ምን አደረገ? ናይጄሪያና ኬንያ ሄዶ ሰዉን አየ። ሰዉ ሁለት ሦስት ሲም ካርድ ይዞ ይዞራል። ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው መደወል ውድ ስለሆነ እያወጣ እያስገባ ይቀያይራል። እነሱም ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ሠሩ። መብራት ይጠፋል፤ ቻርጁ ቶሎ የማያልቅ ባትሪ ሠሩ። በአማርኛ የሚጻፍበት ስልክ አመጡ።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው የካሜራው ነገር ነው። ታስታውሳላችሁ አይደል? በድሮዎቹ ስልኮች ማታ ፎቶ ስንነሳ ፊታችን አይታይም ነበር። ጥርስና ዓይን ብቻ ነበር የሚወጣው። ካሜራው ሲሠራ የተሞከረው በሌላ ቆዳ ላይ ነበርና። እኛ ምን እናደርግ ነበር? «ብርሃን የለም» እንላለን። ጥፋቱን በራሳችን ላይ እናደርጋለን። የትራንሽን መሐንዲሶች ያንኑ ጥርስና ዓይን መነሻ አድርገው፣ ካሜራው ከዚያ ተነስቶ የፊቱን ብርሃን እንዲያስተካክል አደረጉ። የጥቁር ሰዎችን ፎቶ በብዛት ሰብስበው አጠኑ። ይህ ምርምር ነው። ሌላው «ችግር» ብሎ ያለፈውን እነሱ መለኪያ አደረጉት። በ2019 ሻንጋይ የአክሲዮን ገበያ ገቡ።

ይህን ምርምር እኛ ልንሠራው አንችልም ነበር? ፊቱ የእኛ ነው። ጨለማው የእኛ ነው። ይህ ጥያቄ ሌሊት ያነቃኛል።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ።

ሥራ ስጀምር ኤሌክትሪክ ነበር የማውቀው፤ እንጀራ ጋግሬ አላውቅም። የመጀመሪያው ምጣዴ መቆጣጠሪያ ነበረው፤ ሙቀቱን በቁጥር ያሳያል፣ ሲግል አረንጓዴ መብራት ይበራል። አንድ አውደ ርዕይ ላይ አቀረብኩት፤ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፣ ፎቶ ተነሳሁ። በዓመቱ ውስጥ የሸጥኩት አሥራ አንድ ምጣድ ነው። አሥራ አንድ! የቤት ኪራይ እንኳን አልሸፈነልኝም።

ከአሥራ አንዱ አንዱን የገዙት ሰፈራችን እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናት ነበሩ። በሦስተኛው ሳምንት በጋሪ አስጭነው መለሱት። «ምን ሆነ እማማ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ መብራትህ ቆንጆ ነው» አሉኝ፤ «ጠርዙ ግን አይበስልም። መሐሉ ሲያር ዳሩ ሊጥ ነው። አንተ ቁጥሩን ታያለህ፣ እኔ ዓይኑን ነው የማየው።»

ተከራከርኳቸው። ቴርሞሜትር አምጥቼ መሐሉን ለካሁላቸው። ትክክል ነው። እሳቸው ምንም ሳይሉ እጃቸውን ከዳሩ በላይ ዘረጉና «እዚህ ለካ» አሉኝ። ለካሁ። በጣም ይቀዘቅዛል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኔ ምጣዱን የለካሁት ለእኔ በሚመቸኝ ቦታ ነበር።

በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። ጠዋት 11 ሰዓት። ሲያሟሹ አየሁ፤ በጎመን ዘር ምጣዱን ሲያስሱ አየሁ፤ አክንባሎውን መቼ እንደሚከድኑ፣ መቼ እንደሚያነሱ ጻፍኩ። ስድስት ሳምንት ተመላለስኩ። ከሸክላው ሥር ሽቦው የሚተኛበት ቦይ አለ አይደል? ያንን ቦይ ከመሐል እስከ ዳር እኩል ነበር የምጭረው። ዳሩ ግን በጎኑም ሙቀት ያጣል። ስለዚህ ወደ ዳር ሲሄድ ቦዩን አቀራረብኩት። ሰበርኩ፣ ጫርኩ፣ ሰበርኩ። ምን ያህል ሸክላ እንደሰበርኩ ባለቤቴ ታውቃለች፤ ግቢያችን ስባሪ ብቻ ነበር። በመጨረሻ እኒያ እናት አንዱን ጋገሩበት፤ እንጀራውን ወደ ብርሃን አንስተው ዓይኑን ከዳር እስከ ዳር አዩና «አሁን ምጣድ ሆነ» አሉኝ።

አረንጓዴውን መብራት አወጣሁት። ዋጋው ቀነሰ። በሚቀጥለው ዓመት የሸጥኩትን ለመቁጠር ደብተር ገዛሁ። የተመለሰው ሁሉ ምክንያቱ የሚጻፍበት ደብተርም ያኔ ገዛሁ። እስከ ዛሬ ሰባተኛው ደብተር ላይ ነኝ።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልሂድ። ገዢው «ዕቃው ጥሩ ነው፣ በዚህ ዋጋ ግን አይሆንም» ሲል ምን ይደረጋል?

በ1970 ሕንድ አዲስ የፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ መብት፣ ሕግ አወጣች። ለመድኃኒት መብት የሚሰጠው ለአሠራሩ እንጂ ለውጤቱ አይደለም አለች። በእኛ አነጋገር፣ «ዶሮ ወጥ የእኔ ነው» ማለት አትችልም፤ «ይህ የአሠራር መንገድ የእኔ ነው» ማለት ግን ትችላለህ። ሌላ መንገድ ያገኘ ሰው ያንኑ ወጥ ይሠራል። ሕጉ እስከ 2005 ቆየ። በእነዚያ ዓመታት የሕንድ ኬሚስቶች አንድ ሥራ ያዙ፤ የሚታወቀውን መድኃኒት ባልታወቀ መንገድ መሥራት። ደረጃውን ማሳጠር። ብክነቱን መቀነስ። ርካሽ ጥሬ ዕቃ መፈለግ። ዓለም «ኮፒ» አላቸው። እኔ ሙያ ነው የምለው።

ከዚያ ኤችአይቪ መጣ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ሰው ያልቀበረ አለ? ያን ጊዜ በሽታውን የሚያስታግሱትን ሦስት መድኃኒቶች አንድ ላይ ለመውሰድ ለአንድ ሰው በዓመት ከ10,000 ዶላር በላይ ይጠየቅ ነበር። ቤቱን ሸጦ ለጥቂት ወራት መድኃኒት የገዛ ጎረቤት ነበረኝ። ቤቱም አለቀ፣ መድኃኒቱም አለቀ።

በየካቲት 2001 ሲፕላ የሚባለው የሕንድ ድርጅት፣ በኬሚስቱ በዩሱፍ ሀሚድ መሪነት፣ ሦስቱን መድኃኒት በቀን ከአንድ ዶላር በታች እሰጣለሁ አለ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለሚባለው ድርጅት ያቀረበው ዋጋ በዓመት 350 ዶላር ነበር። ሦስቱን በአንድ ክኒን አደረጋቸው። የሦስቱ መብት በተለያዩ የውጭ ኩባንያዎች እጅ ስለነበር፣ እነሱ አንድ ላይ ማድረጉ አስቸግሯቸው ነበር።

ይህን ስነግራችሁ «ጥሩ ሥራ ነው፣ ትርፉስ?» ትሉኛላችሁ። ትርፉ እዚህ ነው። በ350 ዶላር መድኃኒቱ ሊደርሳቸው የሚችሉት ጥቂት ሰዎች አልነበሩም፤ ሚሊዮኖች ነበሩ። ዋጋው ሲወርድ ለጋሽ ድርጅቶችና መንግሥታት ገንዘብ ይዘው መጡ። በአገራችንም በ2005 መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ጀመረ። በታዳጊ አገሮች በእርዳታ ገንዘብ የሚገዛው የኤችአይቪ መድኃኒት አብዛኛው የሕንድ ፋብሪካዎች ሥራ ሆነ። ከአንድ ሰው የሚገኘው ትንሽ ነው፤ ሰዉ ግን ብዙ ነው። ለሰላሳ ዓመት ያህል «ኮፒ» እየተባለ የተጠራቀመ የአሠራር እውቀት ነው በአንድ ቀን ገበያ የከፈተው።

የማጅራት ገትር ክትባትም እንዲሁ ነው። እኔ ያደግኩት ጎጃም ነው፤ በበጋ «ማጅራት ገትር ገባ» ሲባል ትምህርት ቤት ይዘጋ ነበር። በሽታው የሚበዛበት፣ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ የተዘረጋ ቀበቶ አለ። የአፍሪካ ጤና ኃላፊዎች ተጠየቁ። ክትባቱ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም ከበለጠ አንችልም አሉ። ይኸው ሌላ «አይሆንም»። ትልልቆቹ አምራቾች በዚያ ዋጋ አልገቡበትም። የገባው በ1966 የተመሠረተው የሕንዱ ሴረም ኢንስቲትዩት ነው። ዋናውን የአሠራር ዘዴ የአሜሪካ መንግሥት ተመራማሪዎች አስተማሩት፤ ፋብሪካውን፣ ሰዉንና ልምዱን እሱ አመጣ። ልብ አድርጉ፣ መጀመሪያ የተወሰነው ዋጋው ነው። ከዋጋው ወደ ኋላ እየተሄደ ነው ክትባቱ የተሠራው። በታኅሣሥ 2010 ቡርኪናፋሶ ላይ ተጀመረ፤ ወደ እኛም በ2013 መጣ። ከ300 ሚሊዮን በላይ ሰው ተከትቧል።

የቻይናውን መኪና ሠሪ የቢዋይዲን ነገር በአጭሩ ላንሳው፤ መንገዱ ላይ በየቀኑ ታዩታላችሁና። ዋንግ ቹዋንፉ የሚባለው ኬሚስት በ1995 ሼንዘን ላይ ከዘመዱ ተበድሮ፣ በሃያ ሰው ገደማ የባትሪ ሥራ ጀመረ። የጃፓኖቹን አውቶማቲክ የማምረቻ መስመር መግዣ አልነበረውም። ምን አደረገ? ሥራውን በትንንሽ ደረጃ ሸነሸነው፤ እያንዳንዱን ደረጃ በሰው እጅ አደረገው። ምርምሩ ባትሪው ላይ ብቻ አልነበረም፣ ባትሪው በሚሠራበት መንገድ ላይም ነበር። በ2003 የመኪና ፋብሪካ ገዛ። በመጋቢት 2022 በነዳጅ ብቻ የሚሄድ መኪና ማምረት አቆመ።

«ማሽን የለኝም» የምትሉ ወንድሞቼ፣ ይህን ሰው አስቡት። ማሽን የለውም፣ ሰው አለው። እኛም ሰው አለን። ሥራችሁን ሸንሽኑት! የትኛው ደረጃ ነው እውነት ማሽን የሚፈልገው? ምናልባት ከአሥራ ሁለት ደረጃ ሁለቱ ብቻ ይሆናሉ።

ሦስተኛው ነጥብ፣ መቆየት። ይህን ብዙ አላስረዝመውም።

ሃዩንዳይን ታውቃላችሁ፤ በእኛም አገር በኃይሌ ገብረ ሥላሴ ማራቶን ሞተርስ ተገጣጥሟል። እሱም የጀመረው ሲገጣጥም ነው፤ የፎርድን። በ1975 ፖኒ የምትባለውን የራሱን መኪና ማምረት ሲጀምር ሞተሯ የሚትሱቢሺ ቴክኖሎጂ ነበር። በ1984 የራሴን ሞተር እሠራለሁ ብሎ ተነሳ፤ ከአሜሪካ ጀነራል ሞተርስ ሲሠራ የነበረ ኮሪያዊ መሐንዲስ አመጣ። የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች እየተሰነጣጠቁ ተበላሹ። አልፋ የተባለው ሞተር የወጣው በ1991 ነው። ሰባት ዓመት! ከዚያ በ2000ዎቹ ቴታ የሚባል ሞተር ሠራ፤ ሚትሱቢሺና ክራይስለር ለንድፉ ከፈሉት። አስተማሪው ለተማሪው ከፈለ።

ሰባት ዓመት ማን ይቀልበኛል ትሉኛላችሁ። ሃዩንዳይን ያቆየው በዚያ ጊዜ የሚሸጠው መኪና ነው። እኔን ያቆየኝ ጥገና ነው። ሽቦ የተበጠሰበትን ምጣድ ሁሉ፣ የማንም ይሁን የማን፣ እጠግን ነበር። የዕለቱ እንጀራ ከጥገና፣ የነገው ከሙከራ። ደግሞ ጥገና እያስከፈላችሁ የምትማሩበት ትምህርት ቤት ነው፤ የተወዳዳሪያችሁ ዕቃ የት እንደሚሰበር በነጻ ያሳያችኋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። የሠራችሁትን ጻፉት፣ አስመዝግቡት። የጤፍን ነገር አትርሱ። በ2005 ከአንድ የኔዘርላንድ ድርጅት ጋር ጥቅም ለመጋራት ውል ተፈረመ። ድርጅቱ በአውሮፓ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ፓተንት አገኘ፣ ከዚያ በ2009 ከሰረ። ከጥቅሙ ለአገራችን የደረሰው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ፓተንቱ በኔዘርላንድ በፍርድ ቤት የተሰረዘው በ2018 ነው። እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት ነገር ላይ ነበር ክርክሩ። በእጃችን የነበረ እውቀት ወረቀት ላይ ቢኖር ኖሮ ምናልባት ያን ሁሉ ዓመት ባልፈጀ ነበር።

መምህራን፣ ለእናንተ ደግሞ ልመና አለኝ። ተማሪዎቻችሁን ወደ እኛ ላኩ። ግን ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ፍለጋ አትላኳቸው። «የተመለሰ ዕቃ አሳዩኝ» ብለው ይምጡ። አንድ ተማሪ ከእኔ ደብተር አንድ ገጽ ይዞ ቢሄድ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራው አያጣም። አምራቾች ደግሞ በራችሁን ክፈቱ፤ «ምስጢራችን ይወጣል» አትበሉ። ዕቃችሁን ገበያ ላይ ፈትቶ ያየው ሰው ምስጢራችሁን ቀድሞ አውቆታል።

ከኋላ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ነገር አስቀምጫለሁ። አንዱ ሰባተኛው ደብተሬ ነው፤ አገላብጡት፣ ፎቶ አንሱት። ሁለተኛው ባለፈው ሳምንት የተመለሰ ምጣድ ነው። ከሥሩ ጄሶው ተፈረካክሷል፤ ለምን እንደሆነ ገና አላገኘሁትም። የሸክላ ሥራ የምታውቁ፣ ኬሚስትሪ የምታስተምሩ፣ እባካችሁ ዕረፍት ላይ ገልብጣችሁ እዩልኝ።

ስለሰማችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጥያቄ እቀበላለሁ። ማይክራፎኑን ለእኒያ ነጠላ ለለበሱት እናት ስጡልኝ፤ ስናገርም እጃቸውን አንስተው ነበር። ይበሉ እማማ፣ ቅሬታም ቢሆን ይንገሩኝ።